ከአዲስ ሳንርቅ ወቅቶችን በስልክ ካሜራ ማንሳት

የተፈጥሮ ፎቶ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ ሚለው ሰሜን ተራራ ወይ ባሌ ነው፣ እዛ ደሞ ስንቶቻችን ነን ደጋግመን ምንሄደው? እንጦጦ እያለ፣ የጉለሌ እፅዋት ማዕከል እያለ፣ የሱሉልታ ሜዳ እያለ፣ ቢሾፍቱ እያለ። እኔ እንደውም ሩቅ አንዴ ሄዶ ከመመለስ ቅርብ ያለ አንድ ቦታ አመቱን ሙሉ መመላለስ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱም እኛ ጋ ቀኑ ብዙም አይረዝም አያጥርም፣ ሚቀያየረው መሬቱ ነው። መጋቢት ላይ አቧራ የነበረ ሜዳ ነሐሴ ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ መስከረም ላይ ቢጫ በቢጫ ይሆናል፣ ታህሳስ ላይ ሳሩ ደርቆ ቡላ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ወይ አንድ ጉብታ ምረጡና ሁሌ እዛችው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ አንሱ፤ ያለፈውን ፎቶ ከፍታችሁ እያያችሁ ዛፉን ፍሬሙ ውስጥ እዛው ቦታ ላይ አድርጉት፣ ሌንሱም ሁሌ 1ኤክስ (ዙም ያልተደረገበት ዋናው) ይሁን፣ ግሪድ የሚባለውን መስመር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት በቃ።

ከዛ በፊት ግን ሌንሱን ጥረጉ! ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ የጣት ቅባት አለበት፣ ፀሀይ ሲመታው ፎቶው ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሰው ካሜራው መጥፎ ነው ብሎ ስልክ ሊቀይር ይደርሳል። ሌላው ዙም ነው። ስክሪኑን በሁለት ጣት መለጠጥ ብዙ ስልክ ላይ ፎቶውን ቆርጦ ከማተለቅ ውጪ ምንም አይጨምርም፣ በእግራችሁ ጠጋ በሉ።

ሰዓትን በተመለከተ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሀይዋ ከአናት ሆና ሁሉን ነገር ታጠፋዋለች፣ ጥላው ጥቁር ሰማዩ ነጭ። ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደሞ ከ10 ተኩል በኋላ ውጡ።

አሁን ወደ ክረምት። ብዙ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ስልኩን ይደብቃል እኔ ግን ምወደው ወቅት ነው። ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚመጣ ጠዋት ላይ እድል አለ፣ ቢደምንም ደሞ ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ቅጠል፣ የዛፍ ቅርፊት፣ ድንጋይ ላይ ያለ አረንጓዴ ምናምን እንደዛ ቀን አያምርም። እንጦጦ ላይ ጉም ሲወርድ ስልኩ ነጩን ነገር አይቶ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፣ ጉሙ አመዳም ሆኖ ይወጣል፤ ስክሪኑን ነካ አድርጉና ብቅ ምትለውን የፀሀይ ምልክት፣ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻዋን፣ ትንሽ ወደ ላይ ግፏት። አንድ ባህር ዛፍ ወይ ፅድ ቅርብ ላይ ጥቁር ብሎ ይቁም፣ ሌሎቹ ከኋላው እየደበዘዙ ይሂዱ፣ ያኔ ነው ጥልቀት ሚኖረው። ጠብታ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ስልኩ ጣት ነው ብሎ ራሱ መንካት ይጀምራል፣ ስለዚህ በቮልዩም ቁልፏ አንሱ፣ ፌስታል ለሌንሱ ቀዳ አድርጋችሁ ማልበስም ይሰራል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግን ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ ፎቶው ይቅር። ቀስተ ደመና ምትፈልጉ ደሞ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ፀሀይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጀርባችሁን ለፀሀይ ሰጥታችሁ ወደ ምስራቅ እዩ፣ ፀሀይ አናት ላይ እያለች አይታይም። ሙሉውን ለማስገባት ሰፊውን ሌንስ፣ 0.5 የሚለውን።

መስከረም! አደይ አበባ የሳምንታት እንግዳ ናት፣ መስቀል ካለፈ ብዙም አትቆይም፣ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበሉ። ሁሉም ሰው ከቆመበት ቁልቁል ያነሳትና ቢጫ ምንጣፍ ይዞ ይመለሳል። እናንተ ተንበርከኩ፣ ከዛ ስልኩን ገልብጡት፣ ካሜራው ያለበት ጫፍ ወደ ታች ይሁን፣ ሌንሱ ሳሩ ስር ይደርስና አበባዋ ሰማይ ላይ ወጥታ ትታያለች፤ ፀሀዩ ከአበባዋ ጀርባ ሲሆን ቅጠሏ ውስጡ መብራት ያለበት ነው ሚመስለው። ቢጫ ቀለም ስልክን ያሳስተዋል፣ በራሱ ከተዋችሁት ቅጠሏ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይጠፉና ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል፣ ስለዚህ አበባዋ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ፎከሱን ቆልፉና የፀሀይ ምልክቷን አሁን ወደ ታች ሳቧት፣ መስመሩ እስኪታይ ድረስ። ንፋስ ካለ ግንዷን በሌላ እጅ ያዝ አድርጉ ወይ ደጋግማችሁ አንሱ አንዱ ይወጣል። ርካሽ ስልኮች ላይ ማክሮ (የቅርብ ማንሻ) ተብላ ምትሸጥ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ አለች፣ እሷን እርሷት፣ በዋናው ካሜራ ትንሽ ራቅ ብሎ አንስቶ መቁረጥ ይሻላል። ደሞ አደይ ብዙ ጊዜ ማሳ ዳር ነው ምትበቅለው፣ ጤፍ እየረገጣችሁ እንዳትገቡ፣ «ጋሼ እንደምን አደሩ፣ ዳር ዳሩን ሆነን ፎቶ ብናነሳስ?» ካላችሁ እምቢ ሚል ብዙም የለም፣ እንደውም የተሻለውን ቦታ ያሳዩዋችኋል።

በጋ ላይ ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ብርዱን ከቻላችሁ ደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ ሳሩ ላይ ነጭ ብሎ ያድራል፣ ፀሀይ እንደነካው ይሟሟል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ስለሚሞት ስልኩን እስክትጀምሩ የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት። ኮርች ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባውን ሲያወጣም በጋ ላይ ነው፣ ከስር ሆናችሁ በሰማያዊ ሰማይ ላይ አንሱት፣ አበባውን ሚልሱ ወፎች ይመጡበታል። ወፍ ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ስልክ ሩቅ ያለ ወፍ አያነሳም፣ ጥቁር ነጥብ ነው ምታገኙት። ቢሾፍቱ ጨለለቃ በበጋ ከአውሮፓ በኩል ሚመጡ ክሬኖች (እግረ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች) ይሰፍራሉ፣ እነሱን በቅርብ ከመመኘት ማታ ፀሀይ ስትጠልቅ ሲበሩ እንደ ጥላ አንሷቸው፣ ወይ ባይኖኩላር ካላችሁ የስልኩን ሌንስ ማያው ላይ ገጥማችሁ ሞክሩ፣ እጅ ያደክማል ግን ይሰራል። ለስልክ ሚመቸው አውሬ ጭላዳ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ሰው ስለለመዱ ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ፀሀይ ሲሞቁ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁ ራሳቸው ይቀርባሉ። ሙዝ ምናምን ግን አትስጧቸው፣ ከዛ በኋላ ሚመጣውን ሰው ቦርሳ መንጠቅ ይለምዳሉ።

በልግ አጭር ነው፣ ከተማ ውስጥ ጃካራንዳ ሲያብብ ዛፉን ትታችሁ አስፋልት ላይ የረገፈውን አንሱ። ወይን ጠጁ ስልክ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ኋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ትንሽ ወደ ሞቃቱ አዙሩት። ከተማ ውስጥ ስታነሱ ቤተመንግስትና ወታደር ያለበት አቅጣጫ ስልክ አትደግኑ፣ አበባ ነው ያነሳሁት ብሎ ማስረዳት ረጅም ቀን ነው።

ኤዲት ላይ ስናፕሲድ የሚባል አፕ በነፃ አለ፣ ግን ቀለሙን ጎትታችሁ ሳሩን ኒዮን አታድርጉት። ፎቶውን በቦታና በወር ስም አልበም ክፈቱለት፣ እንጦጦ ነሐሴ፣ እንጦጦ መስከረም እያላችሁ። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ ደሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን ፋይል ብላችሁ ላኩት፣ አለበለዚያ ጨምቆት ነው ሚያደርሰው፣ ያ ሁሉ የአደይ መስመር እዛ ይቀራል።