የፒክአፕ ወለል ሲበሰብስ፦ ከላሜራው በፊት ውሃውን ፈልጉ

ኮምቦልቻ ውስጥ ባቲላሜራ፣ ማለትም የመኪና አካል ጥገና፣ መሥራት ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ ደጄ ከሚቆሙት መኪኖች የሚበዙት አሮጌ ሃይሉክሶች ናቸው። የባለቤቶቹም ቃል ያው ነው፤ «ወለሉ ትንሽ ተበልቷል፣ ላሜራ ጣል አድርግበት።» ይችን «ጣል አድርግበት» የምትባል ነገር እፈራታለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከሰኞ ገበያ ድንች የሚያመላልሱ አንድ የደሴ ሽማግሌ ፒክአፓቸውን አመጡልኝ። በሾፌሩ በኩል ከፔዳሎቹ ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አበስ አድርጌ፣ ከላዩ ላሜራ አልብሼ፣ ዙሪያውን በይጄ፣ ሬንጅ ቀባሁት። አምሮ ነበር። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን ሊይዙ ተረከዛቸውን ቢያስደግፉ ላሜራዬ ከነብየዳው ወደ ታች ሰመጠ። እንደ ምንም አቁመው ተረፉ። ሲመጡ አልተቆጡኝም። «አብሽር የኔ ልጅ፣ አሁን ግን ሥሩን አይተህ ሥራው» አሉኝ። ሥሩን ሳየው ብየዳዬ አልለቀቀም ነበር፤ የተበየደበት አሮጌው ብረት ነው ዙሪያውን ረግፎ ያለቀው። በሁለቱ ላሜራዎች መሀል የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ዓመቱን ሙሉ ሲበላው ከርሟል።

ስለዚህ ግራይንደር ከማንሳታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚገባ እወቁ። ብዙ ሰው ዝገት ከመንገድ ጭቃ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ከከፈትኳቸው ወለሎች የሚበዙት ግን የተበሉት ከላይ ወደ ታች፣ ከምንጣፉ ሥር ነው። ወንበሩንና ምንጣፉን አውጡ፤ ወለሉን አድርቃችሁ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ በጆግ ውሃ ያፍስስ። መጀመሪያ የበሩ ጎማ ላይ፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱ ሥር፣ መጨረሻ የመስታወቱ ጎማ አናት ላይ፤ ከታች ወደ ላይ ካልሄዳችሁ የላዩ ውሃ ወርዶ ያሳስታችኋል። ውሃው ጠመኔው ላይ መንገዱን ጽፎ ያሳያችኋል።

ደሴ የሚያድሩ መኪኖች ላይ ደጋግሜ ያገኘሁት ሌላ ነገር አለ። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ገንዳ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጠራቀምና የውሃ መውረጃውን ይደፍነዋል፤ ውሃው ሲሞላ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ቅጠሉን በእጅ ጠርጎ ማውጣት ብቻውን ስንት ወለል ያድን ነበር! እርጥበቱ በተሳፋሪው በኩል ብቻ ሆኖ ጣት ላይ ቅባትነት ካለውና ጣፈጥ ያለ ሽታ ከሸተተ ግን ዝናብ አይደለም፤ የማሞቂያው ራዲያተር ያፈሳል። ከአፍዴራ ጨው ጭነው በባቲ በኩል የሚመጡትን ደግሞ ከመንካቴ በፊት በብዙ ንጹህ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አውላቸዋለሁ። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በጫማ የገባ ፍርፋሪ እንኳ ምንጣፉን በበጋም አያደርቀውም።

አሁን ወደ ሥራው። የመኪናውን ባትሪ ሁለት ገመድ ንቀሉ። ከወለሉ ሥር የሚያልፉትን የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች አንድ በአንድ ተከትላችሁ እዩ፤ ብየዳው አጠገብ ያለውን ፈትታችሁ አርቁ። መኪናው በክሪክ ብቻ አይቁም፤ ጠንካራ ድጋፍ አድርጉለት።

ፋብሪካው ወለሉ ላይ የለጠፈው ጥቁር ሬንጅ መሳይ ንጣፍ እሳት ስለሚይዝ መበየጃው አካባቢ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ይነሳ። ደሴ ላይ በማለዳ ብርድ በመሮ ሲመቱት እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፤ ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ለዚህ ሥራ በማለዳ እነሳለሁ።

ከዚያ ወለሉን በመዶሻ ጫፍ እያንኳኳችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። የሚቆረጠውን በጠመኔ አስምሩ፤ መስመሩ ከዝገቱ አልፎ ንጹሁ ብረት ላይ ይሁን። እጅ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ባለቤቱም ይደነግጣል። አትሳሱ። ዝገቱ ከወለሉ አልፎ የበሩን ደፍ በልቶት ከሆነ ሳትቆርጡ በፊት የበሩን ክፍተት በአንግል ብረት ወጥሩት፤ አለዚያ ጋቢናው ይዘምና በሩ አልገጥም ይላል። ሁለቱንም ጎን በአንዴ አትክፈቱ። ሻንሲው፣ መኪናው የተቀመጠበት ዋናው ብረት፣ ራሱ ተበልቶ ካገኛችሁት ደግሞ እዚያው አቁሙ፤ እሱ ሳይጠገን ወለል መቀየር ዋጋ የለውም።

ልኩን በካርቶን ውሰዱ፤ ለመደራረቢያ ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ላሜራው 1 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ይሁን። ከቤት ክዳን የተረፈ ቆርቆሮ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እሱ ስስ ነው፣ ሽፋኑ ዚንክ ስለሆነም ሲበየድ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሲዛል።

ዝርግ ላሜራ እንዲሁ ከተበየደ በመንገድ ላይ እንደ ከበሮ ይመታል። የፋብሪካው ወለል ሽንትር፣ ማለትም ቦይ መሳይ እጥፋት፣ ያለው በከንቱ አይደለም፤ ጥንካሬው ከእሱ ነው። ሽንትሩን ለማውጣት እኔ ሁለት ልሙጥ ክብ ብረቶች ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቄ በይጃለሁ። ላሜራውን ከላያቸው አጋድሜ፣ መሀሉ ላይ ሦስተኛ ክብ ብረት አስቀምጬ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለስኩ በመዶሻ ቀስ በቀስ አወርደዋለሁ። በአንድ ምት ለመጨረስ የቸኮለ ላሜራውን ያጣምመዋል።

ብየዳው በሲኦቱ ማሽን (ሽቦ እየመገበ በጋዝ በሚበይደው)፣ በ0.8 ሚሊ ሽቦ ቢሆን ይመረጣል። ተራው ኤሌክትሮድ እንዲህ ያለውን ስስ ላሜራ ይበሳዋል፤ የኦክሲጅን ብየዳ ደግሞ ሰፊ ቦታ ስለሚያግል ያንሻፍፈዋል። አራቱን ማዕዘን በነጥብ በነጥብ በይዳችሁ ያዙና በየ4 ሳንቲ ሜትሩ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ እያላችሁ ነጥብ ጨምሩ። ብረቱ እጅ እስኪያስነካ ጠብቁ፤ ከዚያ በነጥቦቹ መሀል አጭር አጭር እያደረጋችሁ ሙሉት። የወንበርና የቀበቶ ቡሎን የሚታሰርበትን ወፍራም ብረት ከአሮጌው ወለል ጋር አትጣሉት፤ ቆርጣችሁ ወደ አዲሱ አዛውሩት። ቀበቶ በስስ ላሜራ ብቻ ከታሰረ በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ይመጣል፤ ይህ የሰው ነፍስ ነው።

ስትበይዱ አንድ ሰው ከሥር ሆኖ ፍንጣሪውን ይጠብቅ፤ ውሃ፣ እርጥብ ጆንያና እሳት ማጥፊያ አጠገቡ ይኑር። ብየዳው ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ከመኪናው አትራቁ።

መገጣጠሚያውን አጽድታችሁ ከላይም ከሥርም ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ። ሲደርቅ ስፌቱን በሁለቱም ወገን በመኪና ማሸጊያ ሙሉት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው የመስኮት ሲሊኮን ግን አይሆንም፤ እሱ ራሱ ብረት ያዝጋል። ከወለሉ ሥር የሚቀባው ሬንጅ መጨረሻ ይምጣ፤ በጥሬ ብረት ላይ ሬንጅ መቀባት ዝገትን መሸፈን ነው። በፋብሪካው ወለል ላይ የነበሩትን የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎችም አዲሱ ላይ አውጡና የጎማ ክዳናቸውን መልሱ።

ምንጣፉን ግን ገና አታልብሱት። ዝናብ ባለበት ሳምንት መኪናውን ደሴ አድርሳችሁ መልሱ፤ ስትደርሱ ወለሉን እስከ ማዕዘኑ በመዳፋችሁ ዳብሱ። መዳፋችሁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ አልብሱት።