ሎብስተር (ትልልቅ ጥፍር ያለው የባሕር እንስሳ) በሚያጠምድ ጀልባ ላይ ለመሥራት ወደ አሜሪካዋ ሜይን ግዛት ለምትመጡ

«ጀልባ ገዝቼ ሎብስተር ላጥምድ» ለሚል ሁሉ መልሱ ያው ነው፦ አይሆንም። የንግድ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ በ2 ዓመት ውስጥ 200 ቀንና 1,000 ሰዓት በተለማማጅነት ሠርቶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ወረፋ አለ፤ በብዙው ቀጣና ዓመታት ይፈጃል። ጀልባ ቀድሞ የገዛ ሰው የመልሕቅ ቦታ ኪራይ እየከፈለ ይቀመጣል።

ክፍት የሆነው ስተርንማንነት ነው፤ የካፒቴኑ ረዳት መሆን። የአሜሪካ የሥራ ፈቃዳችሁ ይኑር እንጂ የራሳችሁ የአጥማጅ ፈቃድ አያስፈልግም። የካፒቴኑ ፈቃድ ግን ክላስ 2 ወይም 3 ይሁን፤ ክላስ 1 ረዳት አያስይዝም።

ሥራው ጨው የተነሰነሰበት ሄሪንግ (ለማማለያ የሚሆን ትንሽ ዓሣ) ወጥመድ ውስጥ መክተት፣ የተያዘውን ሎብስተር መለካት፣ ጥፍሩን በላስቲክ ማሰር ነው። ልኩ ከዓይን ጉድጓዱ እስከ ጀርባው ጠንካራ ሽፋን መጨረሻ ነው፤ ከ3¼ ኢንች ያነሰ፣ ከ5 የበለጠ ወደ ባሕር ይመለሳል። ሆዷ ሥር እንቁላል የያዘች ወይም ጅራቷ ላይ የቪ ምልክት ያላት ሴትም እንዲሁ። «ለጥቂት ነው» የሚባል ነገር የለም። ወጥመዱ ሲጣል ገመዱ ወለሉ ላይ ይሮጣል፤ ጥቅልሉ ውስጥ እግሩን ያስገባ ሰው አብሮ ይወርዳል። ቢላዋ በቀላሉ የምትደርሱበት ቦታ ይሁን።

አሁን እኔንም ያቃጠለኝ ነገር፦ ግብር። ክፍያው ደመወዝ ሳይሆን ከተያዘው ድርሻ ነው። ድርሻው የሚሰላው የነዳጅና የሄሪንግ ወጪ ከመነሳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መጀመሪያ ቀን ጠይቁ፤ ይሉኝታ ገንዘብ ያስወጣል። ከድርሻው አንድ ሳንቲም ግብር ስለማይቆረጥ በ1099 (ለራሱ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው የገቢ ቅጽ) ተቆጥራችሁ፣ ኡበር እንደነዳ ሰው፣ ከገቢ ግብሩ በላይ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ግብር ትከፍላላችሁ። የነሐሴ ቼክ ወፍራም ነው፤ ያኔ ሲሶውን ለብቻው አስቀምጡት፣ ለአገር ቤት የምትልኩትም ከዚያ በኋላ ይሁን። ከገቢያችሁ ሁለት ሦስተኛው ከማጥመድ ከሆነ በየሩብ ዓመቱ መክፈል አይጠበቅባችሁም፤ ወይ እስከ ጃንዋሪ 15 ግምቱን፣ ወይ እስከ ማርች 1 ፋይል አድርጎ ሙሉውን። የሚያውቀው ደብልዩ ቱ (የደመወዝተኛ የገቢ ቅጽ) ብቻ የሆነ ግብር ሠሪ ጋ ወረቀታችሁን አትውሰዱ፤ ኤፕሪል ድረስ ያስቀምጠውና ቅጣቱ ለእናንተ ይተርፋል።

«ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም» ለምትሉ፣ ማንም ብሉ አላላችሁም፤ ትለካላችሁ፣ ታስራላችሁ፣ በቃ። ቅዳሴም ቢሆን በበጋ ችግር የለውም፤ ከጁን እስከ ኦገስት ከቅዳሜ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሰኞ ሊነጋ ሲል ድረስ ወጥመድ ማውጣት በሕግ ክልክል ነው። ከሴፕቴምበር በኋላ ግን ከካፒቴኑ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።