የጣና ዳር ገጻችሁን ለዐረብኛ፣ ለዕብራይስጥና ለጃፓንኛ አንባቢ ስታዘጋጁ

ባሕር ዳር ላሉ የእንግዳ ማረፊያዎችና ለዘጌ ጀልባ አስጎብኚዎች ድረ ገጽ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ «አማርኛውን አስተርጉመህ ተካው» ይሉኛል። ቃሉን መተካት ብቻውን አይበቃም፤ ገጹ ራሱ ቋንቋውንና አቅጣጫውን ማወቅ አለበት።

ፋይሉን በዩቲኤፍ-8፣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት በሚይዘው የአጻጻፍ ሥርዓት፣ አስቀምጡ። ከዚያ የገጹ መዋቅር በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤሉ የመክፈቻ ምልክት ውስጥ፣ ‹ላንግ› ላይ ቋንቋውን፣ ‹ዲር› ላይ አቅጣጫውን ጻፉ፤ ለዐረብኛና ለዕብራይስጥ ‹አርቲኤል› (ከቀኝ ወደ ግራ) ነው። የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ጽሑፉን ወደ ቀኝ ማስጠጋት ይህን አይተካም፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ነጥብ መጀመሪያው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ሲኤስኤሱም ውስጥ ግራና ቀኝን ትታችሁ ‹ኢንላይን-ስታርት› (መሥመሩ የሚጀምርበት ጎን) እና ‹ኢንላይን-ኤንድ› (የሚያልቅበት ጎን) የሚሉትን ተጠቀሙ፤ ያን ጊዜ አንዱ ፋይል ለአማርኛውም ለዐረብኛውም ያገለግላል። የ«ተመለስ» ቀስት ይገልበጥ፤ የጢስ ዓባይ ፎቶ ግን እንዳይገለበጥ።

ስልክ ቁጥር ላይ አደራ! የእኛ አካባቢ መደበኛ ስልክ በ+251 58 ይጀምራል። በዐረብኛ አንቀጽ መካከል ክፍት ቦታ እየተዋችሁ ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ የመጨረሻዎቹ አሃዞች በስተግራ ቀድመው ይወጣሉ፤ 251 ቀኝ ጥግ ይሄዳል፣ የመደመር ምልክቷም ከእሱ ወዲያ ትለጠፋለች። መናኸሪያ ወርዶ ማረፊያውን የሚፈልግ እንግዳ በዚህ ቁጥር ማንንም አያገኝም። ቁጥሩን ለብቻው ‹ስፓን› በሚባለው የኤችቲኤምኤል መጠቅለያ ውስጥ አስገቡና ዲሩን ‹ኤልቲአር› (ከግራ ወደ ቀኝ) አድርጉት። ዐረብኛ ላይ ፊደላትን ማራራቅም ይቅር፤ ተያይዘው የሚጻፉ ናቸው፣ ይበጣጠሳሉ።

ጃፓንኛና ቻይንኛ በድረ ገጽ ላይ እንደኛው አግድም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቢሄዱ ችግር የለም። ርዕሱን ቁልቁል ማውረድ ካማራችሁ በሲኤስኤሱ ‹ራይቲንግ-ሞድ›ን ‹ቨርቲካል-አርኤል› በሉት፤ የመጀመሪያው ዐምድ በስተቀኝ ይቆማል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ‹ላንግ› ነው። ‹አጥንት› የሚለውን ምልክት ውሰዱ፦ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያለችው ትንሽ ማዕዘን በዋናው ቻይና አጻጻፍ በግራ፣ በጃፓን በቀኝ ትሳላለች። ቋንቋውን ካልነገራችሁት ብሮውዘሩ የቻይናውን ቅርጽ ለጃፓናዊው ሊያቀርብ ይችላል። አንባቢው ወዲያው ያየዋል፤ ለእሱ ታስቦ እንዳልተሠራም ይገባዋል።

ኮሪያኛ በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ስላለው በሲኤስኤሱ ‹ዎርድ-ብሬክ›ን ‹ኪፕ-ኦል› ብትሉት መሥመሩ ቃል መሐል አይሰበርም። ታይኛ በቃላት መካከል ክፍት ቦታም ሆነ እንደ ብራናዎቻችን ሁለት ነጥብ የለውም፤ ብሮውዘሩ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ይለያልና መሥመሩን በእጃችሁ አትቁረጡ።