ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከቀበሌው መዋጮ ማሰባሰብ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ፣ ምግቡና መኝታው ከምረቃ በኋላ በሚከፈል ወጪ መጋራት ይሸፈናል፤ የገጠሩን ልጅ የሚቸግረው የመሳፈሪያ፣ የብርድ ልብስ፣ የኮፒና የሳሙና ነው።

መዋጮውን በጥር፣ እህል አውድማ ላይ ሳለ ጠይቁ። በሐምሌ የመጣ ጠያቂ ባዶ ጎተራ ነው የሚያንኳኳው። ብር ከሌለ ጤፍ ተቀበሉ፤ በቆሎን ነቀዝ ይጨርሰዋል፣ ጤፍን ግን አይደፍረውም። መስፈሪያው ለሁሉም አንድ ቁና ይሁን፣ የየቤቱ ቁና ይለያያላ! ሰጪው ፊት መዝግቡ፤ ጠብ የሚያመጣው "በኋላ እንጽፈዋለን" የተባለው ነው። ጆንያውን ከግድግዳ አርቃችሁ ርብራብ ላይ ደርድሩ፣ ዋጋው ሲወደድ ክረምት ላይ ሽጡ።

የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ የተማሪ አባት ግን ፈራሚ አይሁን። ለልጁ መሳፈሪያውን አስቀድሙ፣ ቀሪውን በየወሩ አስገቡለት።