ሸክላ አይሰጣም፦ አጥባችሁ ስታደርቁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የወላጆቻቸውን የሙዚቃ ሸክላ ከቁም ሳጥን ላይ አውርደው ማጠብ የጀመሩ ወጣቶች በዝተዋል። በጣም ደስ ይለኛል። ታጥቦ የተበላሸ ሸክላ ወደ እኔ ሲመጣ ግን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰው ሲታጠብ አይደለም፤ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ከማድረቁ ልጀምር።

ፀሐይ ላይ አታስጡ። ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ። እኛ ለገጣፎ በኩል በርበሬውም ልብሱም የሚደርቀው ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ሸክላ ግን አይሰጣም! የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ማለትም ፒቪሲ፣ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከለሰለሰ በኋላ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። «አየሩ እኮ ቀዝቃዛ ነው» ይሉኛል። አየሩማ ቀዝቃዛ ነው። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ያታልለናል፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። ጥቁር ነገር ደግሞ ሙቀት ይስባል። ቆርቆሮ ላይ ካስቀመጣችሁት ከላይም ከታችም ይጋላል።

በበጋው አንድ ልጅ የአያቱን ሸክላ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ መርፌው እየዘለለ አስቸገረኝ። ማጫወቻው ይታይልኝ» አለ። ማጫወቻው ደህና ነበር። የሸክላው ጠርዝ ነው ወደ ላይ የተቆለመመው። የት እንዳደረቀው ስጠይቀው ሮቶው ክዳን ላይ አለኝ። ጥቁር ሮቶ፣ በቀትር! «ምን ያህል አቆየኸው ልጄ?» አልኩት። «ምሳ እስክንበላ ብቻ» አለ። ለዚህ ጉዳት ምሳ የሚበላበት ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ትንሽ የጎበጠ ሸክላ በሁለት ወፍራም መስታወት መሃል ተጭኖ አንዳንዴ ይቃናል። ጠርዙ እንዲህ የተቆለመመ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ልጁ አጥፊ አይደለም፤ የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው። እናንተ ግን ይኸው ተነግሯችኋል።

የፀጉር ማድረቂያ፣ የከሰል ምድጃ አጠገብ፣ የመኪና ዳሽቦርድ፦ ሁሉም ያው ነው።

«እሺ፣ ጥላ ሥር አደርቃለሁ» ብላችሁ በረንዳ ላይም አታውጡት። ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ግማሹ ሰፈራችን ገና በግንባታ ላይ ነው። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራው ግቢ ይገባል። ደረቅ ሸክላ ላይ ያረፈ አቧራ በብሩሽ ይነሳል። እርጥብ ሸክላ ላይ ያረፈው ግን ጭቃ ሆኖ ይደርቃል፤ ያውም መርፌው በሚሄድበት፣ ከፀጉር በቀጠነው መስመር ውስጥ። ከማጠባችሁ በፊት ከነበረው ይብሳል።

ትክክለኛው ቦታ ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱን ዝጉ። መጀመሪያ ውሃውን በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትላችሁ በክብ አንሱለት። ከዚያ የሳህን ማድረቂያ መደርደሪያ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ እርስ በርስ ሳይነካካ አቁሙት። ቡና የሚፈላበትና እጣን የሚጨስበት ክፍል አይሁን፤ ጭሱ ቅባት አለው፣ እርጥቡ ላይ ይለጠፋል። በበጋ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። በክረምት አሳድሩት።

በክረምት መቸኮል ሌላ መዘዝ አለው። የደረቀ የሚመስል ሸክላ ወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ሲገባ እርጥበቱ እዚያው ይታፈናል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ቤታችን ውስጥ ጫማ እንኳ የሚሻግት መሆኑን ታውቃላችሁ። የታጠበን ሸክላ ወደ ድሮው የቆሸሸ ከረጢት መመለስም ድካምን ከንቱ ማድረግ ነው። አዲስ ከረጢት ፈልጉለት።

ቀጥሎ የውሃ ነገር። በእኛ በኩልም በአቃቂ በኩልም ብዙ ቤት የሚደርሰው የጉድጓድ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነው። ውሃው ሲተን ማዕድኑ አይተንም፤ ሸክላው መስመር ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ሲጫወት ጠሽ ጠሽ ይላል፤ ሰው ደግሞ «አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል። በቧንቧ ውሃ ማጠብ ትችላላችሁ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን የተጣራ ውሃ፣ ዲስትልድ የሚባለው፣ ይሁን። የመኪና ዕቃ መሸጫ ቤቶች ለባትሪ የሚሸጡት ነው። እዚያው የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ «ውሃ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዲስትልድ በሉ፣ ጽሑፉንም አንብቡ። አሲድ እጃችሁንም ዓይናችሁንም ይጎዳል።

ሳሙና ሲበዛም ያው ነው፤ ያልለቀቀ ሳሙና መስመር ውስጥ ይደርቃል። ለአንድ ሳፋ ውሃ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ዱቄት ሳሙናና በረኪና አይታሰብም።

በነጭ ጋዝ የሚወለውሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ለጊዜው ያብረቀርቃል። ግን ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ቅባቱ አቧራ ይይዛል። እባካችሁ አባቶቼ፣ ተዉት።

አልኮል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውሃ ተበርዞ በጥቂቱ ከሆነ የፕላስቲክ ሸክላ ይችለዋል። ከፕላስቲክ በፊት የነበረው፣ በደቂቃ 78 ዙር የሚሽከረከረው ግን ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ ነው፤ ሼላክን ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል። ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሄደው የተቀዱት እንዲህ ባለው ሸክላ ነው። ወፍራም፣ ከበድ ያለ፣ ቢወድቅ እንደ ሳህን የሚሰበር ከሆነ ሼላክ ነው ብላችሁ ያዙት። አልኮል አታስጠጉት፣ ውሃ ውስጥም አትዘፍዝፉት። በረጠበ ጨርቅ አብሱት፣ ወዲያው አድርቁት።

በሶፍት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በሸሚዝ እጅጌ ደረቁን መፈተግ ይጭራል፤ ኤሌክትሪክም ስለሚፈጥር አቧራውን መልሶ ይስበዋል።

መሃል ላይ ያለችውን ወረቀት ውሃ አታስነኳት። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው አምሃ ሬከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሳትሟል። ዛሬ ከየቤቱ የሚወጡት ሸክላዎች ብዙዎቹ ሽፋን የላቸውም። ማን ዘፈነው፣ ርዕሱ ምንድን ነው፣ ቁጥሩ ስንት ነው የሚለውን የምናውቀው ከዚያች ወረቀት ብቻ ነው። አንዲት እህት የአባቷን ሸክላ ሌሊቱን ዘፍዝፋው አደረች። ድምፁ ተረፈ፣ ወረቀቱ ግን ተላጠ። የዘፋኙን ማንነት ለማወቅ ስንት ሽማግሌ ጠየቅን! በሁለቱም በኩል ከወረቀቷ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ክዳን ይዛችሁ እጠቡ።

ታጥቦ የደረቀ ሸክላ መጀመሪያ ሲጫወት ከመስመሩ የላላ ቆሻሻ መርፌው ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። አንዱ ገጽ ባለቀ ቁጥር መርፌውን በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ጥረጉት፤ በጣት አትንኩት። ያንን ሳታደርጉ ሌላ ሸክላ አትጫኑ።