የጥንድ ልምምድን ዓላማ የሚያስቱ ስህተቶች

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻም ሆነ በታቦር ተራራ ሥር ማለዳ ተነሥተው ቴኳንዶና ካራቴ የሚሠሩ ወጣቶችን ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ብቻቸውን ሲሠሩ ርግጫቸው ከፍ ያለ፣ ቡጢያቸውም ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን ያ ሁሉ ውበት ሲበታተን ያስተውላል። ብቻውን የሚሠራ ሰልጣኝ የእጁንና የእግሩን መንገድ ይማራል እንጂ ርቀትንና ጊዜን ሊማር አይችልም፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያስተምረው ፊቱ የቆመ ሌላ ሰው ብቻ ነው። በማሰልጠን ባሳለፍኳቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህንን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ዒላማው ላይ የማይደርስ ጥቃት መሰንዘር ነው። አጥቂው ጓደኛውን እንዳይጎዳ ሰግቶ ቡጢውን አንድ ስንዝር ሲቀረው ያቆመዋል፤ አለዚያም በጆሮው ጎን ወደ አየር ይልከዋል። ተከላካዩ እጁን ባያነሣ እንኳ የማይነካው ቡጢ ስለመጣለት፣ መከላከሉ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዚህ ሁኔታ ወራት ካለፉ በኋላ እጁ ባዶ ቦታ መምታትን ይለምዳል፤ የለመደውን ማስተውም አዲስ ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ በየጊዜው አንድ ነገር አደርጋለሁ፦ ተከላካዩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዝም ብሎ እንዲቆም፣ አጥቂውም እጅግ በዝግታ እንዲሰነዝር አዝዛለሁ። ቡጢው ደረቱን በስሱ ካልነካ፣ እስከዚያ ሰዓት የሠሩት ሁሉ ከእውነተኛ ርቀት ውጭ ነበር ማለት ነው። ለጓደኛ መራራት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ርኅራኄው ፍጥነትንና ኃይልን በመቀነስ ይገለጥ እንጂ ርቀትንና አቅጣጫን በማዛባት መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ልምምዱን ወደ ውድድር መለወጥ ነው። በቴኳንዶ ሳምቦ ማሶጊ በሚባለው የሦስት እርምጃ ልምምድ ምን ዓይነት ጥቃት እንደሚመጣ ሁለቱም አስቀድመው ያውቃሉ። ይህንን እውቀት ለማሸነፊያ የሚጠቀም ተከላካይ አጥቂው ሳይንቀሳቀስ ቀድሞ ይሸሻል፤ ብልጥ የሆነ ይመስለዋል፤ የተማረው ግን የለም። ዓይን ካየ በኋላ እጅ እስኪንቀሳቀስ ወደ 0.2 ሰከንድ ገደማ ያልፋል፣ ከቅርብ የተሰነዘረ ፈጣን ቡጢም ከዚህ ባልበለጠ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። የበሰለ ሰልጣኝ የሚተርፈው ከቡጢው በፊት የአጥቂውን የትከሻ፣ የዳሌና የእግር መነሻ አንብቦ ነው። ጥቃቱ ሳይጀመር የሚንቀሳቀስ ሰው ይህን ንባብ መቼ ይለማመደዋል? በተመሳሳይ መንገድ፣ ጓደኛውን ለማሳሳት ሲል በመሐል ጥቃቱን የሚቀይር አጥቂ የልምምዱን ውል አፍርሷል፤ እንዲህ ያለውን ሳይ ወዲያው አስቆማለሁ።

ሦስተኛው በአንድ ደረጃ ላይ ተተክሎ መቅረት፣ ወይም ደረጃዎቹን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ፋይት፣ ማለትም ወደ ነጻ ፍልሚያ፣ መግባት ነው። ኩሚቴ የካራቴ የጥንድ ልምምድ ነው፤ በጎሆን ኩሚቴ አንድ ዓይነት ጥቃት አምስት ጊዜ በተከታታይ ይመጣል፤ በኢፖን ኩሚቴ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ በጂዩ ኢፖን ደግሞ ጥቃቱ ቢነገርም መቼና ከየት ርቀት እንደሚነሣ የሚወስነው አጥቂው ነው፤ በመጨረሻም ነጻው ፍልሚያ ይመጣል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አስቀድሞ የታወቀው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። ለዓመታት በመጀመሪያው ላይ የቆየ ሰልጣኝ ውዝዋዜ እንጂ መከላከል አይችልም። ቀበቶው ገና ነጭ ሳለ ፋይት መቼ ነው እያለ የሚወተውት ደግሞ፣ ያለ ንባብ በድንጋጤ ብቻ መመለስን ይለምዳል፤ ዓይኑንም መጨፈን ይጀምራል።

ከቅርጹ በፊት ፍጥነትን መሻት የታወቀ ጥፋት ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ሁልጊዜ ከአንድ ጓደኛ ጋር መሥራት ግን ብዙዎች እንደ ስህተት አይቆጥሩትም። የለመዱት ሰው ቁመትና ምት እንደ መንገድ ይታወቃል፤ ረጅም፣ አጭር ወይም ግራኝ ሰው ሲገጥም ርቀቱ ሁሉ ይፋለሳል። በአንድ የልምምድ ሰዓት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጥንድ መቀያየር ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጥቃት የመቀበል ተራን እንደ እረፍት መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 የጁዶ ትምህርት ቤት የሆነውን ኮዶካንን በቶኪዮ የመሠረቱት ጂጎሮ ካኖ፣ በመጣልና በመያዝ የሚሠራው ጁዶ የሁለቱም ሰዎች የጋራ ጥቅም እንዲሆን አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። የሚጣለው ሰው ኡኬ ይባላል፤ እርሱም አወዳደቅን፣ ሚዛኑ የሚጠፋበትን ቅጽበትና የጣዩን ጉድለት ይማራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ማት፣ ማለትም ለመውደቂያ የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ፣ ሲኖር ነው። በሲሚንቶ ወይም በደረቅ መሬት ላይ የሚሠሩ ጥንዶች ጓደኛቸውን እስከ መጨረሻው መጣል የለባቸውም፤ ሚዛኑ ተሰብሮ ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ቆመው፣ በእጃቸው ደግፈው ይመልሱት፤ መያዣ የጠበቀበትም ሁለት ጊዜ መታ መታ ባደረገ ቅጽበት መለቀቅ አለበት።