ለሥራም ለኪልትም የሚሆን ቦት ጫማ አመራረጥ

ሱሪ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። የቦት ጫማ አንገት ቢጨማደድ፣ ማሰሪያው ቢንዘላዘል ማንም ልብ አይለውም። ኪልት፣ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት እስከ ጉልበት የሚደርስ ሽንሽን ቀሚስ፣ ግን ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ አደባባይ ያወጣዋል። እኔ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ኮንክሪት ላይ ቆሜ እውላለሁ። ሚስቴ ስኮትላንዳዊት ናት። ኪልት ያስለመደችኝ እሷ ናት፤ አሁን ግን በዕረፍት ቀኔ ማንም አያስወልቀኝም። ለሥራም ለኪልትም የሚሆን ጫማ ስፈልግ የማያቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

ሠርግ ወይም ትልቅ ግብዣ ከሆነ ቦት ይቅር። ለዚያ ጊሊ ብሮግ አለ፤ ምላስ የሌለው፣ ረጅም ማሰሪያው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠመጠም ጫማ ነው። ቦት ለተራው ቀን ነው፤ ኳስ ለማየት፣ መጠጥ ቤት ለመሄድ፣ ገጠር ለመንሸራሸር። "ኪልትና ቦት አይሄዱም" የሚል ካጋጠማችሁ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስኮትላንድ የሃይላንድ ወታደሮች ኪልት ለብሰው፣ ቦት ተጫምተው ምሽግ ውስጥ እንደነበሩ ንገሩትና እለፉት።

አንድ ጥንድ ለሁለቱም ይበቃል ወይ የሚለውን የሚወስነው ሥራችሁ ነው። እግር ላይ ዕቃ የሚወድቅበት ቦታ ከሆነ ሴፍቲ ጫማ ግድ ይላል። የአውሮፓ ደረጃው ኢኤን አይኤስኦ 20345 ይባላል፤ የጣት መከላከያው የ200 ጁል ምት መቻል አለበት። ኤስ3 የሚል ምልክት ካለው ደግሞ ሶሉ በሚስማር እንዳይበሳ፣ ቆዳውም ውሃ ቶሎ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ሥራው የሚጠይቀውን ሴፍቲ ጫማ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ሠራተኛውን ማስከፈል አይፈቀድለትም። እናንተ ገንዘባችሁን ለኪልቱ ጫማ አስቀምጡ። እኔ ሴፍቲ ጫማ ከኪልት ሥር አይጥመኝም። አፍንጫው ያበጠ ይመስላል፤ ይከብዳል፤ በብርድ ቀን ብረቱ ጣት ያቀዘቅዛል። ሱቅ የምትሸጡ፣ መኪና የምትነዱ፣ የምታስተምሩ ከሆናችሁ ግን አንድ ጥሩ ጥንድ ለሁለቱም ይበቃችኋል።

ሱቅ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር ሲቆም ውሎ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ያንቃል። ከኪልት ጋር የምታደርጉትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል፤ በስስ ካልሲ ለክቶ ይገዛና ቤቱ ሲገባ እግሩ አልገባ ይለዋል። ሁለቱንም እግር አስለኩ፤ ከተበላለጡ በትልቁ ሂዱ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ጎኑ ከጠበባችሁ ቁጥር አትጨምሩ፣ ተረከዛችሁ ይዋኛል። በዚያው ቁጥር ሰፋ ያለ ቅርጽ እንዳለ ጠይቁ፤ ብዙ የእንግሊዝ ጫማ ሰሪዎች ስፋቱን በፊደል ይለያሉ። ደግሞም የእንግሊዝ አንድ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በ8.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የአውሮፓው በ6.7 ገደማ። ስለዚህ በአንዱ አለካክ አልገጥም ያለ እግር በሌላው ሊገጥም ይችላል።

ከዚያ ተራመዱ፤ ምንጣፉን ትታችሁ ጠንካራ ወለል ፈልጉ። ደረጃ ካለ ውጡ፣ ውረዱ። ስትወርዱ ጣታችሁ የጫማውን ፊት ከነካ መልሱት። አዲስ ወፍራም ቆዳ ላይ ተረከዝ ትንሽ ቢንሸራተት አያስጨንቅም፤ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። የትንሿን ጣት የሚቆነጥጥ ጫማ ግን "ይለቃል" ቢሏችሁ አትመኑ። ሻጭ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ወደ ኪልቱ ስንመጣ ዋናው ነገር የቦቱ ቁመት ነው። የኪልት ጫፍ ጉልበት መሃል ላይ ያርፋል። ቦቱ እስከ 25 ሴንቲሜትር ከወጣ ባታችሁን ወፍራሙ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ እግር ያሳጥራል። ቅልጥመ ረጅም ሰው ይችለዋል፤ እኔ አጭር ነኝ፣ አያምርብኝም። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀረውን ደግሞ ካልሲው ሲወርድ ይውጠዋል። 15 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ስድስት ኢንች የሚሉት፣ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ዶክተር ማርተንስ የተባለው የጫማ ድርጅት 1460 ብሎ የሚጠራው ባለ ስምንት ቀዳዳ ቦት ከዚህ ቁመት ብዙም አይርቅም፤ ስሙን ያገኘው ከተወለደበት ቀን፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው።

ጫማው ትንሽ ግዝፈት ይኑረው። ስምንት ያርድ ሱፍ የፈጀ ኪልት ከባድ ነው፤ ከሥሩ ቀጭን ሶል ሲመጣ ሰውየው ከላይ ብቻ የለበሰ ይመስላል። ለካልሲው ሁለት አማራጭ አለ። ወደ ላይ ስቦ ከጉልበት ዝቅ አድርጎ ማጠፍ፣ ወይም ወደ ታች ሰብስቦ ቦቱ አፍ ላይ ማሳረፍ። ከቦት ጋር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በበጋ አጭር ካልሲ የምታደርጉ ከሆነ ግን የቦቱ ጠርዝ ገላችሁን ይፍቃል። ስትገዙ ጣታችሁን በጠርዙ ውስጥ አዙሩ፤ ጣታችሁ ሻካራ ስፌት ካገኘ እግራችሁም ያገኘዋል።

አንድ ነገር በጎን፦ ቦቱን ከኪልቱ በፊት አድርጉ። ወገብ ከታሰረ በኋላ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ ማሰር ያስቸግራል፤ ከኋላ ለቆመ ሰውም ደግ አይደለም።

ዕድሜን የሚወስነው ስፌቱ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ሶል ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ጫማው አብሮ ይጣላል። ጉድይር ዌልት የሚባለው አሠራር ግን በጫማው ዙሪያ የቆዳ ቅናት፣ እንደ መቀነት ያለ ጥብጣብ፣ ይሰፋበታል፤ ሶሉ የሚሰፋው ከቅናቱ ጋር ነው። ሲያልቅ ጫማ ሰሪ ይፈታውና አዲስ ያደርግበታል። ዋጋው ይወደዳል፤ ሶል እየተቀየረ ዓመታት ሲሄድ ግን ይካሳል። የ1460 ሶል ከቅናቱ ጋር በሙቀት ቀልጦ ስለሚጣበቅ ማንኛውም ጫማ ሰሪ እንደ ነበረ አይመልሰውም፤ ስትገዙት ይህን አስቡበት። ለዝናብና ለድንጋይ መንገድ ጥርስ ያለው ጎማ ይሻላል። ቪብራም የተባለውን የሶል አምራች የመሠረተው ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ በ1930ዎቹ የጎማ ሶል ያወጣው ጓደኞቹ ተራራ ላይ ካለቁበት አደጋ በኋላ ነው። ቆዳው ፊቱ ያልተፋቀ ሙሉ ቆዳ ይሁን። ካሞሽ ያምራል፤ ለስኮትላንድ ዝናብ ግን ልብ ይጠይቃል።

በቅናሽ የሚሸጥ፣ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ ቦት ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። ፖሊዩሬቴን የተባለው ለስላሳ ሶል ሳይረገጥም እርጥበት እየበላው ይፈረፈራል። በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ አጥፉት፤ ስንጥቅ ካያችሁ በነፃም አትውሰዱት።

ቤት ሲገባ በተከታታይ ቀን አታድርጉት፤ የላቡ እርጥበት እንዲወጣ አንድ ቀን ይረፍ። ከበሰበሰ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ከማሞቂያው አርቁት፤ ሙቀት ቆዳ ይሰነጥቃል። ጭቃውን በብሩሽ፣ አልፎ አልፎም የቆዳ ቅባት፣ ይበቃዋል። ሶሉ ሲሳሳ ቅናቱ ሳይነካ ጫማ ሰሪ ጋ ውሰዱት። ቅናቱ ከተበላ ሥራውም ዋጋውም ይጨምራል።